እርሾው ከየት መጣ?

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ ይዤ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጥያቄ ከጀመረ አያቆምም። ምድር ቤት ወርደን ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆመ፣ እኔ ደሞ ከጎኑ ሆኜ እዛ ያለው ቅጂ እንደሆነ፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነ እያወራሁለት ነው። ሲሰማኝ ቆየና ዞር ብሎ "አክስቴ፣ ድንቅነሽና ሔዋን ይተዋወቃሉ?" አለኝ።

አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፣ ልጁ እየቀለደ አይደለማ። እሁድ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት አዳምና ሔዋንን ይማራል፣ በሳምንቱ ቀን ደሞ ክፍል ውስጥ ድንቅነሽን ይማራል፣ ሁለቱንም የነገሩት የሚያምናቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ በሱ ቤት ሁለቱ ሴቶች የሆነ ቦታ መገናኘት አለባቸው። "ቤት ስንገባ እነግርሃለሁ" አልኩት፣ ቤት ገብተን ግን ሳልነግረው ቀረሁ። ከዛን ቀን ጀምሮ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ሲመላለስ ነው የከረመው፣ ምክንያቱም እኔም በሱ ዕድሜ ባይሆንም በአስራ ሰባት ዓመቴ ይሄንኑ ጥያቄ ይዤ ዞሬያለሁ፣ የሰጡኝ መልስ ደሞ ብዙ ዓመት ጎድቶኛል።

ያደኩት ጉለሌ አያቴ ጋ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት ናቸው፣ በጣት እየቆጠርን በዜማ ነበር የምንለው፣ እሁድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሦስት፣ ሐሙስ ሦስት፣ አርብ አራት። እሁድ አራቱ ባሕርያት ማለትም እሳት ነፋስ ውሃ መሬት፣ ከዛ ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክት፣ ብርሃን። ሰኞ ጠፈር ብቻዋን። አርብ መጨረሻ ላይ ሰው። እስካሁን ሌሊት ተነስተሽ ቁጠሪ ብባል ሳልሳሳት እቆጥራለሁ። በጣም እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ፣ በተለይ ሰው ከአራቱ ባሕርያት ተሠራ የሚለውን፣ እሳቱም ነፋሱም ውሃውም መሬቱም እኔ ውስጥ አለ ማለት እኮ ነው፣ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው ዓለም ሁሉ ዘመዱ ይመስለዋል።

ከዛ 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ የሕይወት አመጣጥ የሚል ምዕራፍ መጣ። ልዩ ፍጥረት የሚለውም፣ ሕይወት ከሌለው ነገር በራሱ ጊዜ ይፈጠራል የሚለውም፣ ከሕዋ መጣ የሚለውም፣ በኬሚስትሪ ቀስ በቀስ ተገነባ የሚለውም ተራ በተራ ተደርድረዋል። አስተማሪያችን ጠመኔውን አስቀመጠና እጁን እያራገፈ "ይሄን ለፈተና ጻፉት እንጂ አትመኑት" አለን። ክፍሉ በሙሉ ተንፈስ አለ፣ ትዝ ይለኛል፣ እንደ ምርቃት ነው የተቀበልነው። ጥሩ ሰው ነበር ደሞ፣ እምነታችንን ሊጠብቅልን ፈልጎ ነው። እኔ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት እንደተከተለችኝ ልነግራችሁ አልችልም፣ ምክንያቱም ያስተማረችኝ ባዮሎጂን ብቻ አለማመንን አይደለም፣ አንድን ነገር ሳያምኑበት አሳምሮ መጻፍ እንደሚቻልና እንደሚያስመሰግን ነው ያስተማረችኝ። ካምፓስ ስገባ ደሞ ተገልብጣ ጠበቀችኝ፣ የዶርም ጓደኛዬ ስጾም አይታ "ሳይንስ እየተማርሽ እንዴት ይሄን ታምኛለሽ?" አለችኝ። አንዱ ሳይንሱን በአፍሽ ብቻ ያዢው አለኝ፣ ሌላዋ እምነቱን በልማድ ብቻ ያዢው ልትለኝ ነው። ሁለቱም አንዱን ከልብሽ አውጪው ነው የሚሉኝ።

አሁን ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ነኝ። ስለ ሕይወት አመጣጥ ግን መጀመሪያ በደንብ ያሰብኩት እዛ አይደለም፣ አያቴ ጓዳ ቡሃቃ አጠገብ ነው።

አያቴ እርሾ አታቋርጥም ነበር። ሊጡ ላይ የሚጠልለውን ቢጫ ውሃ ለቀጣዩ ታስቀምጣለች፣ አልቆባት ወይ ተበላሽቶባት ከሆነ ጎረቤት ትልከኛለች፣ "እርሾ ስጪኝ ብላለች በያት" ብላ። ጎረቤታችን ደሞ ሌላ ቀን ከኛ ትወስዳለች። አንድ ቀን እርሾ ይዤ ስመለስ "እማማ፣ ይሄ እርሾ ከሌላ እርሾ ነው፣ ያም ከሌላ እርሾ ነው፣ የመጀመሪያው እርሾ ከየት መጣ?" አልኳት። ሊጡን እያቦካች ነበር፣ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው፣ ትንሽ አሰበችና "እርሾ የሌለው ሰውማ ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ ያስቀምጠዋል፣ ቀን ይፈጅበታል እንጂ ይመጣል" አለችኝ። ከየት ይመጣል ስላት "እሱ ያመጣዋል" አለችና ቀና ብላ ወደ ላይ አየች፣ ከዛ "ክዳኑን አቀብዪኝ" አለች።

ይሄን ነገር ብዙ ቆይቼ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ላይ አገኘሁት። በሱ ዘመን ብዙ ሰው የተቀቀለ መረቅ ሲቀመጥ የሚሻግተው ሕይወት ከራሱ ከመረቁ ስለሚፈልቅ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860 አካባቢ አንገታቸው እንደ ዳክዬ አንገት የተቆለመመ ብልቃጦች አሠራና መረቁን ውስጣቸው አፈላ፣ አየር ይገባል፣ አቧራው ግን ቆልማማው ላይ ይቀራል። መረቁ ጥርት እንዳለ ቆየ። ብልቃጡን አዘንብሎ መረቁን አቧራው ጋ ሲያነካካው ግን ደፈረሰ። ማለት ሕይወቱ ከውጭ ነው የመጣው፣ ቀድሞ ከነበረ ሕይወት። የአያቴም ጤፍ እንደዛው ነው፣ እርሾ ሳይጨመርበት የሚቦካው ዱቄቱ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ስላሉ ነው።

ደስ ይላል፣ ግን አያችሁት አይደል፣ ፓስተር የኔን ጥያቄ አልመለሰልኝም፣ ጭራሽ አጠነከረብኝ። ሕይወት ከሕይወት ብቻ ነው የሚመጣው ከተባለ የመጀመሪያውስ?

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል፣ እኛ ሀገር ክርክሩ ሁሌ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ። "ሳይንስ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላል" ተብሎ ተጀምሮ እዛው ያልቃል። አንደኛ ሳይንሱ የሚለው ሰውና ቺምፓንዚ ድሮ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው እንጂ ዛሬ ያለው ዝንጀሮ አባታችን ነው አይደለም። ሁለተኛ ደሞ እሱ ራሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ የጻፈው ሕይወት አንዴ ከተገኘ በኋላ እንዴት እንደተለያየና እንደበዛ ነው፣ የመጀመሪያዋ ሕይወት እንዴት ተገኘች የሚለውን አልፈታውም። በ1871 ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ ላይ ብቻ ምናልባት ሞቅ ያለች ትንሽ ኩሬ ውስጥ ሊሆን ይችላል ብሎ ግምቱን ጣል አድርጓል። ስለዚህ ድንቅነሽ ስለ ሕይወት አመጣጥ ብዙ አትነግረንም፣ እሷ እኮ የትናንት ነች፣ አውስትራሊያ ፒልባራ የሚባል ቦታ ባክቴሪያዎች ድንጋይ ላይ ጥለውት የሄዱት አሻራ 3.48 ቢሊዮን ዓመት ነው ዕድሜው፣ ከድንቅነሽ ከሺ ጊዜ በላይ ይርቃል።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1953 ስታንሊ ሚለር የሚባል ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ከፕሮፌሰሩ ከሃሮልድ ዩሪ ጋር የሠራውን ሙከራ አሳተመ። የጥንቷ ምድር አየር ይሄን ይመስል ነበር ብለው ሚቴን፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን ብልቃጥ ውስጥ ዘጉ፣ ከታች ውሃ አፈሉ፣ መብረቅ እንዲሆን ደሞ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቀቁበት። ውሃው በማግስቱ ሮዝ ሆነ፣ በሳምንቱ ደፍርሶ ቀላ። ውስጡ አሚኖ አሲዶች ተገኙ፣ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ማለት ነው፣ ሥጋችን የቆመባቸው። መጀመሪያ ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። ኋላ ላይ የጥንቱ አየር እነሱ እንዳሰቡት ላይሆን ይችላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ያመዝንበት ነበር የሚሉ ተመራማሪዎች በዙ፣ በዛ አየር ደሞ ውጤቱ ይቀንሳል። ግን እ.ኤ.አ. በ1969 አውስትራሊያ መርቺሰን ላይ ከሰማይ የወደቀው ድንጋይ ውስጥም አሚኖ አሲዶች ተገኝተዋል፣ ስለዚህ እነዚህ ነገሮች ሕይወት በሌለበትም እንደሚሠሩ አያጠራጥርም።

ግን ደሞ አሚኖ አሲድ ሕይወት አይደለም። ጤፍ እንጀራ እንዳልሆነው ማለት ነው፣ ወፍጮም ውሃም እርሾም ምጣድም እሳትም ይቀራል። ሕይወት ለመባል ራሱን የሚያባዛ፣ ጉልበት የሚያገኝ፣ ከውጭው የሚለየው ሽፋን ያለው ነገር ያስፈልጋል። ትልቁ እንቆቅልሽ ዲኤንኤን፣ ማለት የዘር መመሪያችን የተጻፈበትን፣ ለመቅዳት ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ ፕሮቲንን ለመሥራት ደሞ ዲኤንኤ ላይ ያለው መመሪያ ያስፈልጋል፣ ማን ቀደመ? ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን የሚባሉ ሳይንቲስቶች የዲኤንኤ ዘመድ የሆነው አርኤንኤ መመሪያ መያዝ ብቻ ሳይሆን እንደ ኢንዛይም የሕዋስን ኬሚካላዊ ሥራ ማፋጠንም እንደሚችል አሳይተው እ.ኤ.አ. በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰዱ፣ ከዛ ወዲህ ብዙዎች መጀመሪያ አርኤንኤ ነበር ወደሚለው አዘነበሉ። ሌሎች ደሞ የለም፣ ውቅያኖስ ወለል ላይ ፍል ውሃ የሚተፉ ስንጥቆች አሉ፣ ሕይወት ከዛ ጉልበት ነው የጀመረው ይላሉ። አልተቋጨም። እስከ ዛሬ ማንም ላብራቶሪ ውስጥ ሕይወት ከሌለው ኬሚካል ተነስቶ ሕያው ነገር አልሠራም። አስተማሪያችን ይሄን ቢነግረን ኖሮ ብዬ አስባለሁ፣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እዚህ ጋ ደርሰናል፣ ከዚህ በኋላ አልደረስንም እንደሚሉ ቢነግረን ምንም አንፈራም ነበር እኮ።

የሚለር ታሪክ ቅጥያ አለው። እሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሞተ በኋላ ድሮ ያስቀመጣቸው ትንንሽ ብልቃጦች ተገኝተው በአዲስ መሣሪያ ተመረመሩ፣ በ2008 ውጤቱ ሲወጣ አንዱ ሙከራ ውስጥ 22 ዓይነት አሚኖ አሲድ ተገኘ ተባለ። ለአንድ የማኅበር እህታችን ስነግራት እልል ልትል ምንም አልቀራት፣ "ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት!" አለች። እኔ ግን አይሆንም አልኳት፣ ተከራከርን። ነገ ሌላ መሣሪያ መጥቶ 25 ቢያገኝ ምን ልንል ነው? እምነቴን ብልቃጥ ውስጥ ባለ ቁጥር ላይ ማሰር አልፈልግም። እንዲህ ዓይነት ነገር ቲክቶክ ላይም በየቀኑ አያለሁ፣ ሳይንስ የኛን መጽሐፍ አረጋገጠ እየተባለ፣ ልቤን ነው የሚያሳዝነው፣ መጽሐፉንም ሳይንሱንም ያሳንሳል።

ይልቅ መጽሐፉን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ላይ እግዚአብሔር ዕፅዋትን ሲያወጣ ምድር ታብቅል ነው ያለው። የባሕር እንስሳትን ሲያወጣ ውሃ ታስገኝ አለ። ሊቃውንቱ ደሞ ፍጥረትን ሁለት ቦታ ነው የሚከፍሉት፣ እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ ማለት ካለመኖር ወደ መኖር የመጣ አለ፣ ግብር እምግብር ማለት ቀድሞ ከተፈጠረ ነገር የተገኘ ደሞ አለ። አራቱ ባሕርያት ካለመኖር መጡ፣ ዓሣው ከውሃ ተገኘ። አብራኝ የምትሠራ ሙስሊም ጓደኛዬ ይሄን ስነግራት ቁርአን ላይ አል-አንቢያእ 30ኛው አንቀጽ ሕያው ነገርን ሁሉ ከውሃ አደረግን እንደሚል ነገረችኝ። እዛ ላብራቶሪ ሻይ እየጠጣን ስለ ውሃ ስናወራ ሰዓቱ አለፈብን። መጽሐፉ ሳይንሱን አስቀድሞ ተናግሯል እያልኩ አይደለም፣ ከላይ ያልኩትን አላፈርስም። ግን ፈጣሪ ውሃን አዝዞ ውሃዋ ታስገኛለች ብሎ የሚያምን ሰው ውሃዋ እንዴት አስገኘችው ብሎ የሚጠይቅን ሰው ለምን ይፈራል?

ሁሉም ነገር ይታረቃል አልልም ግን። አይታረቅም። በኛ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለት በቤተክርስቲያኗ የዘመን ስሌት፣ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ነው፣ ለምሳሌ 2017 ዓ.ም. ሲጨመርበት 7517 ዓመተ ዓለም ይመጣል። ምድር ደሞ ወደ 4.54 ቢሊዮን ዓመት ይሆናታል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በምንም ሒሳብ አይገናኙም። አፋር ላይ አጥንቶቹ የተገኙት በእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች መሀል ነው፣ አመዱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም የተወሰነው በታወቀ ፍጥነት አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይቀየራል፣ አርጎኑን ለክተው ዕድሜውን ያወጡታል። ይሄን ተምሬ እንዳልተማርኩ መሆን አልችልም፣ እቀበለዋለሁ። ፕሮቴስታንት የሆነች የልብ ጓደኛዬ አትቀበለውም፣ ስድስቱ ቀን የ24 ሰዓት ቀን ነው ብላ ታምናለች፣ የምታምነው ደሞ ስላላነበበች አይደለም፣ ቃሉን አንድ ቦታ ላይ ከለቀኩት የት ላይ ነው የማቆመው ብላ ነው። ጥያቄዋ ከባድ ጥያቄ ነው፣ እኔም መልስ ጨርሼ አልሰጠኋትም።

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ይሄ ቁጥር እንቅልፍ ሲነሳኝ የአያቴ ደብር ያሉ መምህር ጋ ሄጄ ነበር። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የጠየኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ፀሐይ የተፈጠረችው መቼ ነው?" አሉኝ። ረቡዕ አልኩ። "እንግዲያ እሁድን ማን አስመሸው?" አሉ። መልስ አጣሁ። "እኔ በዓመተ ዓለም ጾምና በዓል አወጣበታለሁ፣ ድንጋይ መዝኜበት አላውቅም" አሉኝና ጸበል ጠጪ ብለው ሰደዱኝ። ቤተክርስቲያኗ 4.5 ቢሊዮኑን ተቀብላለች እያልኩ አይደለም፣ ሌሎች መምህራን 7500ውን እንደተጻፈው ነው የሚያስተምሩት። ግን እኚህ አባት በዛን ቀን አንዱን ከልብሽ አውጪው አላሉኝም። የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ስለ ዳሎል ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ደናክል በረሃ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ፣ ፎቶውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹን። ውሃው ሙቀቱም ጨዉም አሲዱም አንድ ላይ ከመጠን ያለፈ ነው፣ የሕይወት ድንበር የት ጋ እንደሆነ የሚፈልጉ ሳይንቲስቶች ከዓለም ዙሪያ የሚመጡት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቡድን እዛ በጣም ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘን ብሎ አሳተመ። በዛው ዓመት ሌላ ቡድን ደሞ የለም፣ ዙሪያው ባሉት ቀለል ያሉ ኩሬዎች ውስጥ አለ እንጂ በጣም የከፉት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ሕዋስ የሚመስሉት ሲሊካ የበዛባቸው የማዕድን ቅንጣቶች ናቸው ብሎ።

ይሄን ሳነብ እጄን ያየሁት ያህል ነው የተሰማኝ። ግራም ስቴይን፣ ማለት ባክቴሪያን ቀለም ቀብተን የምናይበትን ምርመራ፣ ስንሠራ ወይን ጠጁ ቀለም በደንብ ካልተጣራ ስላይዱ ላይ ይረጋል፣ ክብ ክብ ሆኖ፣ ቁርጥ ባክቴሪያ። ሥራ እንደጀመርኩ አንድ ሌሊት እንደዛ ያለ ስላይድ ላይ ባክቴሪያ አለ ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አንስቻለሁ፣ አብሮኝ የነበረው ሲኒየር "ሌላ ስላይድ ሥሪ" ባይለኝ የሰው ልጅ ያለ በሽታው መድኃኒት ይጀምር ነበር። ሌላ ሠራሁ፣ ምንም የለም። ከዛ ወዲህ ሕይወት የሚመስልን ነገር ሳይ ልቤ ቢዘልም እጄ ይቆያል። የዳሎሎቹ ሳይንቲስቶችም ያደረጉት ይሄንን ነው፣ አንዱ አለ አለ፣ ሌላው ድጋሚ አየና አሳየኝ አለ። ለፈተና የሚጻፍ ነገር አይደለም ይሄ፣ ሰዎች በበረሃ ሙቀት ውሃ ቀድተው ከልባቸው የሚከራከሩበት ነገር ነው። እኔ ስጸልይም ከልቤ ነው።

ልጁን በመጨረሻ ባለፈው ወር ነው የመለስኩለት፣ ለማደር እኔ ጋ መጥቶ። ድንቅነሽና ሔዋን ይተዋወቁ እንደሆን አላውቅም አልኩት፣ ሁለቱንም የነገሩህ ሰዎች አልዋሹህም፣ ስታድግ ሁለቱንም አጥብቀህ ጠይቅ አልኩት። አልጠገበም፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከዛ ጤፍ ዱቄት አወጣሁና በንጹሕ ጎድጓዳ ሳህን በውሃ አቦካን፣ እርሾ ሳንጨምር፣ እኔ እንደ አያቴ ከደንኩት።

በማግስቱ ምንም የለም። ሌላ ቀን እንዲያድር እናቱን በስልክ ለመነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፒጃማውን እንደለበሰ ሮጦ መጥቶ ክዳኑን ሲያነሳው ሊጡ ላይ ትንንሽ ዓይኖች ወጥተዋል፣ ጠርዙ ጋ አንዱ ብቅ ብሎ ፈነዳ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

"ማን ጨመረበት?" አለኝ።

ዱቄቱ ላይ ነበሩ አልኩት። ዱቄቱ ላይስ እንዴት መጡ አለኝ። ከጤፉ፣ ከአየሩ፣ ከእጃችን። ከዛ በፊትስ አለኝ። የማውቀውን ያህል ነገርኩት፣ ፓስተርንም፣ ሚለርንም፣ ውሃ ታስገኝ የሚለውንም፣ የሥራ ሰዓቴ ደርሶ ቦርሳዬን እስካነሳ ድረስ። ስወጣ "አክስቴ፣ እንዳትደፊው" አለኝ፣ ክዳኑን ቀስ አድርጎ እየመለሰ።